ሳሎናችን ውስጥ ያለው የፊልም መደርደሪያ

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሦስት ወር ከእኛ ጋር ስትቆይ፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቡናው ተፈልቶ በረካው ከተጠጣ በኋላ፣ ከመደርደሪያዬ የጃፓናዊውን የፊልም አዘጋጅ የያሱጂሮ ኦዙን «የቶኪዮ ታሪክ» አውጥቼ ከፈትኩላት። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጬ ከምስሉ ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እነግራት ጀመር። ፊልሙ በ1953 የተሠራ (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጥቁርና ነጭ፣ 136 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። ታሪኩ በሁለት መስመር ያልቃል። ኦኖሚቺ በምትባል የወደብ ከተማ የሚኖሩ አዛውንት ባልና ሚስት ቶኪዮ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ደግሞ ኑሮው አጣድፏቸው ወላጆቻቸውን የሚያጫውቱበት ጊዜ ያጣሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ «ተወው ልጄ፣ አትድከም፤ ገብቶኛል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ብለን አየን። ልጆቹ ሽማግሌውንና አሮጊቷን አታሚ ወደሚባል የፍል ውኃ መዝናኛ ይልኳቸዋል፤ እነርሱም ሌሊቱን በዘፈንና በጫጫታ እንቅልፍ አጥተው ያድሩና በማግስቱ ጠዋት ባሕሩን በሚገድበው ግንብ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንሂድ ተባብለው ሲነሱ ሚስትየዋን አንድ አፍታ ያዞራትና መልሳ በጉልበቷ ቁጢጥ ትላለች። ባልየው ሌሊት ስላልተኛሽ ነው ይላታል፤ እርሷም ደኅና ነኝ ብላ ትነሳለች። ይህን ንግግር ለእናቴ አልተረጎምኩላትም ነበር። እርሷ ግን ወደ እኔ ሳትዞር «አሟታል እኮ፤ እነርሱ አላወቁም እንጂ አሟታል» አለች።

እናቴ ይህን ማለት የቻለችው ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ በግልጽ ስለታየች ነው። ያው ፊልም ቀድሞ በነበረኝ ዲስክ ቢሆን ኖሮ አትታይም ነበር። መጀመሪያ የገዛሁትን ቅጂ ስሙን ከማላነሣው የኢንተርኔት ሻጭ በርካሽ አግኝቼው ነበር፤ ሽፋኑ የሚያምር፣ ውስጡ ግን ካረጀ የቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ ነበር። የምስሉ ጠርዝ ዙሪያውን ተቆርጧል፤ ጥላ የነበረው ሁሉ ጠቁሯል፤ ብርሃን የነበረው ሁሉ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ነጩ የትርጉም ጽሑፍ በነጭ ሸሚዝና በነጭ ግድግዳ ላይ እየወደቀ አይነበብም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት፤ ሰዎች ታላቅ የሚሉት ይህን ነው ወይ ብዬም በኦዙ አዘንኩ። ከዓመታት በኋላ የታደሰውን ቅጂ ሳይ ግን ፊልሙን ቀድሞ ፈጽሞ እንዳላየሁት ገባኝ።

ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ 163 ዲስኮች አሉ። ለመሰብሰብ አሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአርባ የሚበልጡትን ለሰው ሰጥቻለሁ ወይም በተሻለ ቅጂ ተክቻለሁ፤ ከገቡት ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝም እነዚህ የወጡት ናቸው። የቀድሞ ዘመን ታላላቅ ፊልሞችን በቤቱ ማኖር የሚፈልግ ሰው የትኛውን ፊልም ልግዛ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እኔ አስቀድሜ የምነግረው ስለ ቅጂው ነው።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። የብራና መጽሐፍ ሲመጣላቸው ገና ሳያነቡት ከየትኛው ደብር መጽሐፍ እንደተገለበጠ ይጠይቁ ነበር፤ ቁም ጸሐፊው አንድ መስመር ዘሎ ከሆነ ከእርሱ የሚገለብጠውም ይዘለዋልና፣ ከዚያ የሚገለብጠውም እንዲሁ፣ በመጨረሻ ስሕተቱ ራሱ ንባብ ሆኖ ይቀራል። ፊልምም እንዲሁ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለፈው የመጀመሪያው ኔጌቲቭ እናት መጽሐፉ ነው። ከእርሱ ማስተር ፖዘቲቭ ይታተማል፤ ከማስተሩ ሁለተኛ ኔጌቲቭ ይወጣል፤ ከሁለተኛው ኔጌቲቭ ደግሞ ለየሲኒማ ቤቱ የሚላከው ቅጂ ይታተማል። በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት ዝርዝር ይጠፋል፤ የአዲሱ ቅጂ ጭረት በቀድሞው ጭረት ላይ ይደረባል። የእኔ የመጀመሪያው ኦዙ ከዚህ የትውልድ ሐረግ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለ ነበር። የ«ቶኪዮ ታሪክ» ዋናው ኔጌቲቭ በእሳት ስለጠፋ፣ ዛሬ የምናየው የታደሰ ቅጂ ከእሳቱ ውጭ ከተረፉት ግልባጮች ተመርጦ በብዙ ልፋት የተጠገነ ነው።

ስለ እሳት ካነሣሁ፣ በመደርደሪያዬ ላይ ካሉት ሁሉ አስበልጬ የማከብረው ማኅደር የሕንዳዊው አዘጋጅ የሳትያጂት ራይ ሦስቱ የአፑ ፊልሞች ያሉበት ነው፤ አፑ የታሪኩ ዋና ልጅ ነው። የመጀመሪያው «ፓተር ፓንቻሊ» በ1955 የወጣ ሲሆን፣ በቤንጋል ገጠር የሚኖር የአንድ ድሀ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ራይ በ1992 የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ በዚያው ዓመትም ዐረፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1993፣ የፊልሞቹ ኔጌቲቮች ለንደን ውስጥ ሄንደርሰንስ በሚባል የፊልም ላቦራቶሪ ሳሉ እሳት ተነሣ። ከእሳቱ የወጡት ጥቅሎች ከፊሎቹ ከሰል ሆነዋል፣ ከፊሎቹ ተኮማትረዋል፣ ከፊሎቹም ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በየትኛውም ማሽን ላይ የሚያልፉ አልነበሩም። ሆኖም የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ የፊልም መዝገብ ቤት ሰዎች አልጣሏቸውም፤ ይህ ፍርስራሽ አንድ ቀን ይጠቅም ይሆናል ብለው አስቀመጡት።

ከሃያ ዓመት በኋላ ክራይቴሪዮን ኮሌክሽን የሚባለው የአሜሪካ አሳታሚ ከአካዳሚው ጋር ሆኖ ያንን ፍርስራሽ ጣሊያን ቦሎኛ ወደሚገኘው ሊማጂኔ ሪትሮቫታ ወደሚባል የእድሳት ቤት ላከው። በዚያ ያሉት ባለሙያዎች የደረቀውን ፊልም በኬሚካል አርሰው አለሰለሱት፤ የተጣበቀውን አላቀቁ፤ ፊልሙ በማሽን ጥርስ ላይ የሚያልፍባቸውን የጠርዝ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በእጃቸው ጠገኑ። ይህ የእጅ ሥራ ብቻ ወደ አንድ ሺህ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ወስዷል። በመጨረሻ ከ«ፓተር ፓንቻሊ» 40 በመቶው፣ ከሁለተኛው ፊልም ከ«አፓራጂቶ» ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያው ከተቃጠለው ኔጌቲቭ ሊወሰድ ቻለ፤ የቀረው በልዩ ልዩ መዛግብት ከተቀመጡ ግልባጮች ተሟላ። የታደሱት ፊልሞች በ2015 ለሕዝብ ታዩ። ከዲስኩ ጋር የተያያዘ አጭር ዘገባ ይህን ሥራ ያሳያል፤ ጓንት ያጠለቁ እጆች የከሰለ ፊልም በጥንቃቄ ሲዘረጉ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አፑና እኅቱ ዱርጋ ረጃጅም ነጭ ሣር በሞላበት ሜዳ ሮጠው ባቡሩን የሚያዩበት ቦታ አለ። ሣሩ ከልጆቹ ቁመት ይበልጣል፤ ነፋሱ ሲነካው ጫፉ ያበራል፤ ከሩቅ ጥቁር ጭስ ይመጣል። ቀድሞ በአንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ባየሁት ቅጂ ሣሩ ነጭ ግድግዳ ይመስል ነበር። አሁን ዘለላው አንድ በአንድ ይቆጠራል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ይህን ክፍል ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች፤ ዱርጋ የቴሌግራፍ ምሰሶውን በጆሮዋ የምታዳምጥበትን ደግሞ ከውጭ ባለው የመብራት እንጨት ላይ ሄዳ ሞክራዋለች።

ኔጌቲቭ እንደ ሰው ይሰደዳልም። የፈረንሳዊው አዘጋጅ የዣን ሬንዋር «ላ ግራንድ ኢሉዥን» የተባለው የ1937 ፊልም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለተማረኩ የፈረንሳይ መኮንኖች የሚተርክ ነው፤ ናዚዎች እጅግ ይጠሉት ነበር። ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ኔጌቲቩን ወደ በርሊን ወሰዱት፤ ሶቪየቶች በርሊንን ሲይዙ ደግሞ ወደ ሞስኮ ወሰዱት፤ በ1960ዎቹ በመዛግብት ልውውጥ ወደ ፈረንሳይ ከተማ ቱሉዝ ተመለሰ፣ ነገር ግን ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሬንዋር እስኪሞት ድረስ የጠፋ ይመስለው ነበር። የዴንማርካዊው አዘጋጅ የካርል ድሬየር የ1928 ፊልም፣ ስለ ቅድስት ዣን ዳርክ የሚናገረው፣ ዋናው ቅርጹ ጠፋ ተብሎ ከኖረ በኋላ በ1981 ኦስሎ አጠገብ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። ዲስክ ስገዛ እንዲህ ያለውን ታሪክ ከፊልሙ ጋር አብሬ የገዛሁት ያህል ይሰማኛል፤ ለዚህም ነው በማኅደሩ ውስጥ የሚመጣውን ትንሽ መጽሐፍ ከፊልሙ በፊት የማነበው።

እንግዲህ ጥሩውን ቅጂ ከመጥፎው እንዴት እንለየዋለን? ሽፋኑን ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ነው። ደኅና አሳታሚ ምስሉ ከምን እንደተወሰደ ይጽፋል፤ ከዋናው ኔጌቲቭ ነው፣ ከማስተር ፖዘቲቭ ነው፣ እድሳቱን የሠራው ማን ነው፣ ይህን ሁሉ ያስቀምጣል። ምንም ያልተጻፈበት እንደሆነ እኔ አልገዛም። ቀጥሎ የምስሉን ስፋትና ቁመት አያለሁ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ፊልሞች አብዛኞቹ ጎኖቹ እኩል ወደሆኑ አራት ማዕዘን የቀረቡ፣ ስፋታቸው የቁመታቸው 1.37 እጥፍ የሆነ ናቸው፤ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ መተዋቸው ግድ ነው። ያንን ጥቁር ቦታ ለመሙላት ምስሉን የለጠጠ ወይም ከላይና ከታች የቆረጠ ዲስክ ፊልሙን አበላሽቶታል። በእንግድነት በሄድኩበትም ቤት ቴሌቪዥኑ ምስሉን እንዲለጥጥ ተደርጎ ባየሁ ጊዜ፣ ይቅርታ ጠይቄም ቢሆን፣ አስተካክለዋለሁ።

የርዝመቱም ነገር አለ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ሲያሳይ፣ በአውሮፓና በብዙው አፍሪካ የነበረው ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 25 ያሳያል፤ ስለዚህ የቆዩት የአውሮፓ ዲቪዲዎች ፊልሙን 4 በመቶ ያህል አፍጥነው ያልፋሉ። የ136 ደቂቃው ኦዙ በእንዲህ ዓይነቱ ዲቪዲ ከ131 ደቂቃ በታች ይሆናል፤ ምንም ሳይቆረጥ ማለት ነው። የተዋንያኑ ድምፅም በትንሹ ይቀጥናል። ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ዘፈን ያለበትን ፊልም በሁለቱም መንገድ የሰማ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከዲቪዲ በኋላ በመጣው፣ ብሉ ሬይ በሚባለው ዲስክ ላይ ፊልሙ በራሱ በ24 ምስል ስለሚቀመጥ ይህ ችግር የለም፤ ደግሞም አንድ ባለ ሁለት ንብርብር ዲቪዲ የሚይዘው 8.5 ጊጋባይት ሲሆን ብሉ ሬዩ 50 ይይዛል፤ የጥላና የብርሃኑ ዝርዝር የሚተርፈው በዚህ ስፋት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር የአካባቢ ቁልፍ ነው። የዲስክ አሳታሚዎች ዓለምን ከፋፍለውታል። በዲቪዲ አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ 5 ናቸው፤ በብሉ ሬይ ደግሞ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓና አፍሪካ ቢ ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከእንግሊዝ አገር አምስት ብሉ ሬይ አዝዤ፣ ሲደርሱ ማጫወቻዬ አንዱንም አልቀበልም አለ። በጣም የቆጨኝ ከአንድ አነስተኛ የለንደን አሳታሚ የመጣው የቼኮስሎቫኪያ ፊልም ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይከፈት ቆየ። በመጨረሻ የሁሉንም አካባቢ ዲስክ የሚያነብ ማጫወቻ ገዛሁ፤ ዋጋው ከተራው ማጫወቻ ከፍ ያለ ቢሆንም ያወጣሁት ምርጥ ገንዘብ ነው። ከብሉ ሬይ ቀጥለው የመጡት፣ ምስላቸው ከእርሱም የጠራው የፎር ኬ ዲስኮች ይህ ቁልፍ የለባቸውም፤ የትም ተገዝተው የትም ይታያሉ።

ወዳጆቼ በተደጋጋሚ የሚጠይቁኝ፣ ሁሉም ነገር በኢንተርኔት በሚገኝበት ዘመን ዲስክ ለምን እንደምገዛ ነው። ሁሉም ነገር አይገኝም። ፊልምስትራክ የሚባል፣ የቀድሞ ዘመንና የዓለም ሲኒማን በሰፊው የያዘ አገልግሎት ነበር፤ እኔም ደንበኛው ነበርኩ። በኅዳር 2018 ተዘጋ። አንድ ምሽት የምናየውን ዝርዝር አዘጋጅተን ተቀምጠን ሳለ ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩ ራሱ አልነበረም። በ2019 የተተካው ክራይቴሪዮን ቻናል ግሩም አገልግሎት ነው፣ ዛሬም እከፍላለሁ፤ ነገር ግን ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልጠቁመው አልችልም። ኔትፍሊክስም ብዙዎቻችን ያደግንበትን በፖስታ የሚመጣ ዲቪዲ በመስከረም 2023 አቁሞታል፤ በዚያ ይገኙ ከነበሩት የቆዩ ፊልሞች ብዙዎቹ ዛሬ በማንኛውም የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ አይታዩም። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ማንም መጥቶ አይወስደውም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የክራይቴሪዮን ብሉ ሬይ መደበኛ ዋጋ ወደ 40 ዶላር ነው፤ እኔ ግን በዚያ ዋጋ አልገዛም። ባርነስ ኤንድ ኖብል የሚባለው የመጻሕፍት መደብር በየዓመቱ በሐምሌና በኅዳር አካባቢ በግማሽ ዋጋ ይሸጣቸዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አምስት ወይም ስድስት፤ ይህ ልማዴ ነው። ከመግዛቴ በፊትም ፊልሙን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ወይም ከቤታችን በእግር በሚደረስበት በአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ሲልቨር ሲኒማ አይቼው መሆን አለበት። አንድ ጊዜ አይቼው ደግሜ ማየት የማልፈልገውን ፊልም፣ ዓለም ሁሉ ቢያደንቀው፣ አላስገባውም።

ዝርዝር እያዩ መግዛትንም በዚሁ ምክንያት ተውኩት። የእንግሊዙ ሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የፊልም ሐያስያንን እየጠየቀ የሚያወጣው ዝርዝር ጥሩ መንገድ ጠቋሚ ነው፤ በ2022 በአንደኛነት የተቀመጠው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» የ201 ደቂቃ ፊልም ሲሆን፣ አንዲት እናት ስታበስል፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ድንች ስትልጥ ያሳያል። እኔ ሲጀመር ይከብደኛል ብዬ ፈርቼው ነበር። ባለቤቴ ግን ከእኔ ቀድማ ገባችበት። ሴትየዋ ድንቹን አብዝታ አብስላ ምን ላድርገው እያለች ድስቱን ይዛ ከክፍል ክፍል ስትዞር፣ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ «ይህቺ ሴት አንድ ነገር ሆናለች፤ እንዲህ ያለች ባለሙያ ድንች አያርርባትም» አለች። ፊልሙ ያን ቀን ገባኝ፤ ያ ዲስክ የእርሷ ነው።

አሁን ወደ አፍሪካ ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና። የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን በ1968 የሠራው «ማንዳቢ» ፓሪስ የሚሠራ የእኅት ልጅ ለአጎቱ ዳካር ሐዋላ ሲልክለት፣ አጎትየው መታወቂያ ስለሌለው ገንዘቡን ማውጣት አቅቶት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት የሚያሳይ ነው። በወሎፍ ቋንቋ የተነገረ ነው። ከውጭ አገር ገንዘብ ልኮ የሚያውቅ፣ ወይም ተልኮለት ባንክ ደጃፍ ላይ የቆመ ሐበሻ ሁሉ ይህን ፊልም ከማንኛውም የፈረንሳይ ሐያሲ በተሻለ ይረዳዋል። የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» ከ1973፣ የላም ቀንድ በታሰረበት ሞተር ብስክሌት እየዞሩ ወደ ፓሪስ ለመሄድ የሚያልሙ ሁለት ወጣቶችን ይዞ፣ አጠገቡ ይቀመጣል።

እኛ ዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ደግሞ አንድ ዕድል አለን። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ያቋቋሙት ሳንኮፋ የሚባል የመጻሕፍትና የፊልም ቤት አለ። «ሳንኮፋ» የተሰኘው የ1993 ፊልማቸውን የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም ባሏቸው ጊዜ፣ እነርሱ ራሳቸው ከከተማ ከተማ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ለሕዝብ አሳዩት። በ2008 የወጣው «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል።

ከሁሉ የሚልቅብኝ ግን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት በሚወድቅበት ወራት በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የተቀረጸ፣ በ1976 የወጣ፣ ከፊል ተዋንያኑ ራሳቸው ገበሬዎች የሆኑ ሥራ ነው። ባለርስቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጮህ፣ ገበሬው ከበሬዎቹ ኋላ ጅራፉን ይዞ ሲሄድ፣ እብድ የሚሉት ከበበ ማንም የማይደፍረውን እውነት ሲናገር እንሰማለን፤ ቋንቋውም ያለ ትርጉም ጽሑፍ በቀጥታ ጆሯችን ይገባል። ይህም ፊልም የራይ ፊልሞች በታደሱባት በቦሎኛ፣ ማርቲን ስኮርሴዚ ባቋቋመው የዓለም ሲኒማ ፕሮጀክት ድጋፍ ታድሷል። ከቅርብ ጊዜዎቹም ያሬድ ዘለቀ በ2015 የሠራው፣ ለካን ፌስቲቫል በይፋ በመመረጥ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው «ላምብ»፣ እንዲሁም ጄሲካ በሺር በሐረር አካባቢ ስለ ጫት የሠራችው «ፋያ ዳዪ» በእኛ ቤት ቦታ አላቸው።

ሆኖም መደርደሪያው ላይ ሆን ብዬ ክፍት የተውኩት ቦታ አለ። በንጉሡ ዘመን የተሠራው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» እና የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የሚቀመጡበት ነው። የቤንጋል ገጠር የተቃጠለ ፊልም አንድ ሺህ ሰዓት ከተደከመለት፣ የአዲስ አበባችንም ፊልም ይገባዋል፤ ኔጌቲቩን የሚፈልግ፣ ታሪኩን የሚጽፍ፣ ጠግኖ በዲስክ የሚያወጣ ባለሙያ ቢነሣ፣ እኔ በመደበኛው ዋጋ ሁለት ሁለት እገዛለሁ።

ስለ አያያዝ ብዙ የምለው የለኝም። ዲስኮቹን እንደ መጽሐፍ አቁሜ፣ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ላይ በአዘጋጆቹ ስም በፊደል ተራ አስቀምጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን፣ በምስሎቹ መካከል ከራሱ ምስል የሚጨምረውን እንቅስቃሴ ማለስለሻ አጥፍቼዋለሁ፤ እርሱ ካልጠፋ የ1953 ቶኪዮ የትናንት የዜና ቀረጻ ትመስላለች።

እናቴ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት «ያችን የጃፓኖቹን ይዤ ልሂድ፤ እኅቴ ትየው» አለች። የአሜሪካው ብሉ ሬይ አዲስ አበባ ባለ ማጫወቻ ላይ እንደማይከፈት ነገርኳት፤ አልተበገረችም። ስለዚህ ሁሉንም አካባቢ የሚያነብ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ ገዝቼ፣ ከሁለቱ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች በአንዱ ውስጥ፣ ለጎረቤት በተገዛው ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀመጥኩላት። እንግሊዝኛውን ማን ሊያነብላችሁ ነው ብዬ ስጠይቃት «እኔ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወለች። እኅቷና ሁለት ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር፤ መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ተመልሷል፤ ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አጎቴን ማጫወቻውን አስቁም ብላው፣ ሁሉም ጸጥ እስኪሉ ጠብቃ፣ «አሁን እርሷን እዩዋት» ብላቸዋለች።